«ተሳፈረች ወይ?»

የነርስ ኔቬና መኪና ጠዋት አልነሳም ብሎ ባያስቸግራት ኖሮ፣ ያን ቀን በስታሜን አውቶቡስ ውስጥ ባልተገኘች ነበር። ስታሜን ከስሞልያን ከተማ ወደ ተራራው መንደሮች ሰው ማመላለስ ከጀመረ ሃያ ስድስት ዓመት ሆኖታል፤ ሆዱ ከመሪው ጋር የሚጋፋ፣ ጨዋታ ወዳድ ሰው። ነርሷ ማምሻውን ከጀርባው ተቀምጣ መነሻ ሰዓቱን ስትጠብቅ ስልኩ ጮኸ።

«አልመጣችም፣ ክራሲሚር። ስትመጣ እነግርሃለሁ» ብሎ ዘጋ። ሁለት ደቂቃ ሳይሞላ እንደገና ጮኸ። «አሁንም የለችም፣ ወንድሜ።»

በሦስተኛው ኔቬና አላስቻላትም። «ጋሽ ስታሜን፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና፣ ማን ነው እንዲህ ዕረፍት የነሳዎት?»

«የዝላቲና ባል ነዋ! እዚህ ስፌት ፋብሪካ ነው የምትሠራው። ተሳፈረች ወይ ብሎ በየቀኑ ይጠይቀኛል። ይወዳታላ! የኔዋ ሚስት ሳምንት ብጠፋባት እንኳ ‹አውቶቡሱስ ደህና ነው?› ነው የምትለኝ።»

ሳቀ። ኔቬና ግን አልሳቀችም። «ከመቼ ጀምሮ ነው?»

«ከጥቅምት። መጀመሪያ በደህና ገባች ወይ ብቻ ነበር የሚለው። ከዚያ... ከማን ጋር ተቀመጠች አለ። ከዚያ ምን ለብሳለች። ባለፈው ሳምንት ደግሞ አራት ደቂቃ ለምን ዘገያችሁ አለኝ። በግ መንገድ ዘግቶብን ነው አልኩት። አሁን ጠመዝማዛውን ፈጠን ብዬ ነው የምወጣው፣ እንዳይጨቀጭቃት።»

«ሠላሳ ሰው ጭነው?»

ስታሜን ጆሮው ቀላ። «አንቺ ደግሞ ነገር ታከብጃለሽ፣ ልጄ። መቅናቱ መውደዱ አይደል እንዴ? እጁን አላነሳባት!»

«እሱን እርስዎ በምን ያውቃሉ? ሁላችንም እንቀናለን፣ ጋሼ። ክፉው፣ ቅናቱ ለሌላው ሰው ሕግ ሲሆን ነው። የተደበደቡ ሴቶችን ቁስል ክሊኒክ ውስጥ አሥራ አንድ ዓመት አጥቤአለሁ። መቼ ጀመረ ብዬ ስጠይቃቸው አብዛኞቹ ከጥፊው አይጀምሩልኝም። ስልኬን ይበረብር ነበር፣ ልብሴን ይመርጥልኝ ነበር፣ እህቴ ጋ እንዳልሄድ ከለከለኝ ይላሉ። ዱላው ኋላ ነው የሚመጣው። ቀናተኛ ሁሉ ይማታል አልልዎትም። እንዲህ የሚቆጣጠር ሰው ቤት ያለች ሴት ግን አደጋ ላይ ናት።»

ስታሜን ስልኩን አነሳው፣ አስቀመጠው፣ መልሶ አነሳው። በመጋቢት መጀመሪያ ቀን እንደ አገሩ ወግ ለተሳፋሪው ሁሉ፣ ሰው ለሰው ጤና የሚመኝበትን ቀይና ነጭ ክር እጁ ላይ ማሰሩ ትዝ አለው።

«የክሩን ነገር ልንገርሽ» አለ በመጨረሻ። «ቤት ካሰረቻቸው ሁለት ክሮች ሌላ እጇ ላይ ሦስተኛ አየና ‹ሦስተኛውን ማን አሰረላት?› ብሎ ደወለልኝ። አላውቅም አልኩት። ያሰርኩላት እኮ እኔ ነኝ!»

«ለምን አልነገሩትም?»

«ፈራሁት።»

«መቶ አሥር ኪሎ ሰው በስልክ ፈሩት» አለች ኔቬና ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ። «እሷ አብራው ነው የምታድረው።»

ይህን እንዳለች ዝላቲና እያለከለከች ደረሰች። ከሰላምታው በፊት ዓይኗ የሄደው ስልኩ ላይ ነበር። «ጋሼ፣ ሦስት ደቂቃ ብቻ ናት... በእናትዎ፣ በሰዓቱ መጣች ይበሉልኝ!»

«ክሩስ?» አላት፣ ባዶ እጇን አይቶ።

«ጠፋብኝ» ብላ እጅጌዋን ሳበች። እጇ ላይ ያለውን ሰንበር ግን አይቶታል፤ የአራት ጣት አሻራ። ሲያግዛት የኖረ ይመስለው ነበር። እሷ ግን የምትለምነው የእስር ቤት ዘበኛ እንደሚለመን ነው። አፈረ፣ እንዲህ አፍሮም አያውቅ።

ስልኩ ጮኸ። ስታሜን ስድቡን አፉ ላይ አድርሶ ሲያነሳው ኔቬና ክንዱን ያዘችው። «እንዳይሰድቡት! ጦሱ ለእሷ ይተርፋል። ልትለየኝ ነው ብሎ የጠረጠረ ቀን ነው የሚብሰው። ሰበቡን ራስዎ ላይ ያድርጉት።»

ስታሜን ስልኩን ከፍቶ ጆሮው ላይ አደረገው። «ክራሲሚር፣ ሁሉም በሰዓቱ ተሳፍሯል። አለቃዬ ስልክ ከልክሎኛል፤ ከእንግዲህ አላነሳም።» ዘጋና ስልኩን መሳቢያ ውስጥ ጣለው። ኔቬና ሄዳ ዝላቲና አጠገብ ተቀመጠች። ሁለቱ መንገዱን ሙሉ ሲንሾካሾኩ፣ እሱ ሌላ ሰው እንዳይሰማቸው ራዲዮኑን ከፍ አደረገው። ጠመዝማዛውንም ቀስ ብሎ ወጣው።

ነገሩ በአንድ ቀን አላለቀም። ኔቬና፣ አንዲት ጠበቃና ፖሊስ ተመካክረው ዝላቲናን በሰኔ ፕሎቭዲቭ ከተማ እህቷ ቤት እስኪያደርሷት ድረስ ስታሜን እንቅልፍ አልነበረውም። ዛሬ እዚያው ትሰፋለች፤ ያሻትን ለብሳ ትወጣለች፣ ሲመሻት ትገባለች፣ ደቂቃዋን የሚቆጥርባት የለም። ስታሜን ለባልደረቦቹ የሚነግራቸው ግን ይህን ነው፦ እንዲህ ያለ ሰው ብቻውን መቆጣጠር አይችልም፤ የእኛን ዓይን ይዋሳል፤ እኛም ደግ የሠራን እየመሰለን እናውሰዋለን።

በተከታዩ መጋቢት አንድ ፖስታ ደረሰው። ውስጡ ቀይና ነጭ ክር ብቻ ነበር። በአንድ እጁ ማሰር ቢያቅተው ተሳፋሪ አሰረለት። ማታ ሚስቱ እጁን አይታ «ይህን ደግሞ ማን ሰጠህ?» አለችው።

«ዝላቲና» አላት፣ ሳይፈራ።

«ጎሽ» አለች ሚስቱ ሾርባውን እየቀዳች። «አውቶቡሱስ ደህና ነው?»