ሾተላይ አለባት የተባለችው ምራት

ባለፈው ማክሰኞ ጠዋት አሥራ ስምንት ማዞሪያ ታክሲ ስጠብቅ ጎረቤቴን አቶ ተክለማርያምን አገኘኋቸው። የወንድማቸው ልጅ ማራኪ በነርስ ልብሷ ላይ ሹራብ ደርባ ትከተላቸዋለች። ወዴት እንደሚሄዱ ብጠይቃቸው፣ አንድ ወር የሆነውን የልጅ ልጃቸውን ከሆስፒታል አውጥተው ክታብ ሊያስይዙት መሆኑን ነገሩኝ።

ሕፃኑ ነቅቶ ሳለ እንደማንኛውም ልጅ ይተነፍሳል። እንቅልፍ ሲወስደው ግን ትንፋሹ ስለሚቆም በመተንፈሻ መሣሪያ ነው የሚተኛው። ካቻምና የሞተው ወንድሙም እንደተኛ ነበር የቀረው።

«ምራቴ ኪዳን ሾተላይ አለባት» አሉ። «ሁለተኛውን ሳይበላብኝ ልጁን እወስዳለሁ፤ እሷም ወደ ወላጆቿ ትሂድ።»

ደሜ ፈላ። ልጅ የሞተባትን ሴት ከማጽናናት ስም ማውጣት ይቀናናል፤ አባትየውን ግን ማንም ዞር ብሎ አያየውም። ይህንኑ ብነግራቸው ፊታቸውን አዞሩብኝ።

ማራኪ ግን ረጋ ብላ አስረዳቻቸው። ከአንጎላችን ግርጌ ሆነው ተኝተንም የሚያስተነፍሱን ነርቮች አሉ። ገና በማኅፀን ሲሠሩ አሠራራቸውን የሚወስነው ዘረመል ነው፤ እሱ ላይ ስሕተት ካለ ነርቮቹ በእንቅልፍ ጊዜ ሥራቸውን ያቆማሉ።

«ታዲያ ከእናቱ ወርሶታላ» አሉ።

«የኪዳን ደም ተመርምሮ ምንም አልተገኘበትም፤ ስሕተቱ የተገኘው በአባትየው፣ በልጅዎ ደም ነው» አለች ማራኪ። ቀጥላም፣ «አጎቴ፣ እርስዎስ ትርፍ አንጀትዎ ሲወጣ ምን ሆነው ነበር?»

ይህን ሰፈሩ ሁሉ ያውቀዋል። ከማደንዘዣው በኋላ ሦስት ቀን ራሳቸው መተንፈስ አቅቷቸው በመሣሪያ ቆይተዋል። ያኔ ሾተላይ አለባቸው ያለ ሰው አልነበረም፤ እንዲያውም እግዜር አተረፋቸው ተብሎ ተደገሰ።

ሽማግሌው አጠገባችን ካለው ሱቅ ደጃፍ ላይ ቁጭ አሉ። «ከእኔ ነው እንዴ?»

«ሳይሆን አይቀርም፤ አንዳንዱ ሰው ላይ ቀላል ስለሆነ የሚታወቀው ማደንዘዣ ሲወስድ ብቻ ነው፤ ይመርመሩ። ጥፋት ግን የማንም አይደለም። ልጁ ሲተኛ መሣሪያው ካልተለየው ያድጋል። ሌላ ልጅ ቢወለድም ሐኪሞች ተዘጋጅተው ይጠብቁታል። ከዘመዶቻችንም ቀዶ ጥገና የሚገባ ሁሉ አስቀድሞ ይናገራል።»

ክታቡን ተዉት። እኔ ግን ንዴቴ አልበረደልኝም። ለስም ማውጣት የሚፈጥን ምላስ፣ ይቅርታ ላይ ሲደርስ እንዴት እንደሚተሳሰር ስንት ጊዜ አይቻለሁና አብሬያቸው ወደ ሆስፒታሉ ሄድኩ።

ኪዳን ሲገቡ ስታያቸው ልጇን ሸፍና ቆመች።

«ልጄ፣ በድዬሻለሁ» አሉ አቶ ተክለማርያም። «ከእኔ ሳይመጣ አልቀረም። አንቺ ትንሽ ተኚ፤ ትንፋሹን እኔ እጠብቃለሁ።»