አይጦች የሚዘሩበት ወር

የጫካው ዘብ አንድ ጠዋት በመርዝ የተለወሰ እህል በባልዲ አንጠልጥለው ሲሄዱ፣ የእህታቸውን ልጅ ከአንድ አሮጌ ዛፍ ሥር ተንበርክካ አገኟት። በደን ትምህርት የተመረቀች ናት። በእጇ ቀይ ክር ይዛለች።

«ምነው ልጄ፣ ጫካውን ልትሰፊው ነው?»

«ደህና አደሩ አጎቴ። ባልዲው ምንድን ነው?»

«የአይጥ መርዝ ነዋ! ፍሬ በረገፈ ቁጥር እበትናለሁ፤ ይኸው ስድስተኛ ዓመቴ። እነዚህ ሌቦች ሙልጭ አድርገው እየበሉት አንድ ችግኝ እንኳ ማየት አቃተኝ። አሮጌዎቹ ዛፎች ሲወድቁ ማን ሊተካቸው ነው? ጫካው በእጄ ላይ ሊጠፋ ነው እኮ!»

እውነቱን ለመናገር፣ ለጫካው ያላቸው ፍቅር የሚያስቀና ነበር። ያላወቁት ነገር ቢኖር ወዳጅና ጠላታቸውን ነው።

«ሁልጊዜ አይበሉትም» አለች ልጅቱ በትሕትና። «ፍሬ በጠፋበት ወር ያገኙትን እዚያው ይቆረጥሙታል። እንደ አሁኑ ሲትረፈረፍ ግን ለክፉ ቀን ብለው ራቅ አድርገው ይቀብሩታል። ብዙውን ረስተውት ዝናብ ሲመጣ ይበቅላል።»

«አይጥ ገበሬ ሆነች በይኛ! ያን ሁሉ ዓመት የተማርሽው ይኼን ነው?»

«እስቲ ይህን ክር ይከተሉ። ትናንት ከፍሬ ጋር ያሰርኩት ነው።»

ክሩ በቁጥቋጦው ሥር ለሥር እየተጠማዘዘ ሠላሳ እርምጃ ያህል ወሰዳቸውና አፈር ውስጥ ገባ። በጣታቸው ጫር ጫር ሲያደርጉ ፍሬው ጥርስ ሳይነካው ወጣ። የተቀበረበት ጥልቀት ራሳቸው ዘር ሲዘሩ ከሚለኩት ጋር እኩል ነበር።

«አንዱ በአጋጣሚ ነው» አሉ፤ ድምፃቸው ግን እንደ ቅድሙ አልነበረም።

«ይሁን። ከዳገቱ በላይ ችግኙ ጥቅጥቅ ብሎ የበቀለውስ ለምንድን ነው?»

«እዚያማ ጉልበቴ እንቢ ስላለኝ መርዝ በትኜም አላው...» ብለው ወደ ዳገቱ ቀና አሉ። ባልዲውን አስቀመጡት። «ወይኔ ጉዴ! ጫካውን ያመከንኩት እኔው ነኛ!» ዓይናቸው እንባ አቀረረ።

ልጅቱ እጃቸውን ያዘች። «ገና አልመሸም አጎቴ። ፍሬ በሚረግፍበት ወር አይጦቹን እንተዋቸው። በችግሩ ወር ደግሞ እኛ የምንዘራውን በሽቦ እንከልለው። አይጦቹ ያለ ደሞዝ ይተክሉልናል፤ ጫካው ሲታደስ ጎርፍ አፈሩን አይጠርገውም፣ የጫካው ምንጭም አይደርቅም።»

«በይ እሺ፣ ተሸነፍኩልሽ» አሉና መርዙን እዚያው ጉድጓድ ቆፍረው ሊቀብሩት ሲነሱ፣ ምንጩን እንዳይበክል ብላ ወደ መጋዘን አስመለሰቻቸው።

ዝናቡ በጣለ በሁለተኛው ወር በአሮጌዎቹ ዛፎች መካከል ችግኝ ፈላ። ልጅቱ ደስ ብሏት ሮጣ ልትገባ ስትል ዘቡ ከሩቅ ጮኹባት፦

«ኧረ አንቺ ልጅ፣ ቀስ ብለሽ እርገጪ! የተዘራ መሬት ነው!»