ሸራው መልስ ላይ ነው

(ጠዋት፣ የፍየል ሥጋ ወደ ውጭ በሚልክ አንድ ቄራ። ሥራ አስኪያጁ መክብብና በአራጅነት አርባ ዓመት የቆዩት ሐጂ ዘይኑ የዕርዱ ክፍል በር ላይ ቆመዋል፤ ገዢዎቹ ከውጭ የላኩት መርማሪ ቢሮ ውስጥ ሻይ ይጠጣል።)

መክብብ፦ ሐጂ፣ መርማሪው ሲጠይቅዎ «ሊታጠብ ሄዷል» ማለት ምን ይከብዳል? ሁለት ቃል እኮ ነው!

ሐጂ ዘይኑ፦ የዕርዱ ክፍል መጋረጃ፣ ያ ሸራ ነው ሊታጠብ የሄደው? የልጅህ ሰርግ ድንኳን ሆኖ ሰው እየጨፈረበት አይደል እንዴ?

መክብብ፦ ቀስ ይበሉ እንጂ! መልሱ ዛሬ ነው፣ አማቾቼ ላይ ድንኳን ላፍርስ? ደግሞስ ፍየል መጋረጃ ምን ያደርግላታል? ባለሥልጣን ናት?

ሐጂ ዘይኑ፦ ቢሮህ ግድግዳ ላይ በመስታወት የሰቀልከው ዓለም አቀፍ ደንብ ምን ይላል? አንዷ ስትታረድ ሌላዋ አትይ አይልም?

መክብብ፦ እሱን ለእንግዳ ነው የሰቀልኩት። ፈረንጅ ሥራ ሲፈታ ለፍየል ሕግ ያወጣል! ዕረፍት ታግኝ፣ ውሃ ትጠጣ፣ እንዳትደነግጥ... ለእኔ ማን እንዲህ አሰበልኝ?

ሐጂ ዘይኑ፦ ፈረንጅ ሳይጽፈው እኔ ከአባቴ ሰምቼዋለሁ። ቢላዋ እንኳ ፊቷ አይሳልም። አንተ ከፈረንጁም ከአባቶችህም ሳትማር ቀረህ።

መክብብ፦ ዳዕዋውን መስጊድ ያድርጉልኝ!

ሐጂ ዘይኑ፦ ትናንት ሳርድ ፍየሎቹ ሁሉ ግድግዳው ሥር ተጣብበው ያዩኝ ነበር። አንዷ ቆማ ሽንቷን ለቀቀች። በዚህ ዕድሜዬ ፍየል ፊት አፈርኩ! አንተ ሸራው ሥር ጥሬ ሥጋ ትቆርጣለህ።

መክብብ፦ መርማሪው ካልፈረመ ገበያው ይዘጋል፤ ሁለት መቶ ሠራተኛ ይበተናል። እርስዎም ጭምር!

ሐጂ ዘይኑ፦ ሸራውን ስትነቅል ሁለት መቶው ትዝ አላሉህም?

መክብብ፦ እሺ፣ አይዋሹልኝ። ልብስ መቀየሪያው ገብተው አረፍ ይበሉ፤ እኔው አስረዳዋለሁ።

ሐጂ ዘይኑ፦ በምን ቋንቋ?

መክብብ፦ በእንግሊዝኛ ነዋ!

ሐጂ ዘይኑ፦ ሰውየው ከአረብኛ በቀር አይሰማም። የቀጠርከው አስተርጓሚ ደግሞ የልጅህ ሰርግ ላይ የበላው ሥጋ ሆዱን ቆርጦት ቤቱ ተኝቷል። ስለዚህ አሁን ሂድና ድንኳኑን አፍርስ። ሸራው እስኪመጣ የት እንደዋለ እኔ ለሰውየው በአረብኛ በደንብ አድርጌ አስረዳዋለሁ።