ዝም ያሉት ሁሉ ተስማምተዋል ተባለ

ጉንቮር አንሶላዋን ከማሽኑ ልታወጣ ወደ ምድር ቤት ስትወርድ፣ ከላይ ፎቅ የምትኖረው ቱቫ ግድግዳውን በሜትር ስትለካ አገኘቻት። ጉንቮር በስዊድኗ ኖርሾፒንግ ከተማ ባለው በዚህ ሕንፃ ውስጥ ፀጉሯ እስኪሸብት ኖራለች፤ የጋራ ልብስ ማጠቢያውን ክፍል የሚለካ ሰው ግን አይታ አታውቅም። ክፍል የሚለካው አንድ ነገር ሲታሰብበት ነው።

"ምን ልትጨምሩበት ነው? ቦታ የለውም እኮ።"

"ልንጨምርበት አይደለም፣ እትዬ ጉንቮር። ማሽኖቹ ወጥተው የስፖርት ክፍል ሊሆን ነው። አልሰሙም እንዴ? በግቢያችን የኢንተርኔት መድረክ ሁሉም ሰው ተስማምቷል።"

ጉንቮር ግራ ገባት። ሁሉም ሰው ከተባለ እሷም አለችበት፤ እሷ ደግሞ አልተስማማችም። የቤቷ መታጠቢያ ከመጥበቡ የተነሳ ማሽን ከገባ እሷ መውጣቷ ነው። ይህ ክፍል ከተዘጋ አንሶላዋን ተሸክማ የት ልትሄድ?

"ማነው ሁሉም ሰው? እስቲ ስም ጥሪልኝ።"

ቱቫ ዩኒቨርሲቲ የምትማር፣ ሰው አክባሪ ልጅ ናት፤ መድረኩንም የምትቆጣጠረው እሷ ናት። "ሐሳቡን ያመጡት ጎረቤታችን ቦርዬ አሉ። ጥቂት ሰዎችም ደግፈዋቸዋል። የቀረው አልተቃወመም። ያልተቃወመ ተስማማ ብለን ነው የያዝነው።"

"ባሌ የሞተ ጊዜ ዝም ብዬ ነበር። ያኔም ተስማምቼ ነው?"

ልጅቷ ፊቷ ቀላ። "ይቅርታ ያድርጉልኝ። ግን መድረኩ ለሁሉም ክፍት ነው። እርስዎ ለምን አይጽፉም?"

"እኔ ፊቱን ከማላየው ሰው ጋር አፍ አልካፈትም። ለማንኛውም አሳዪኝ፣ ይሄ ሁሉም ሰው የሚባለውን ልየው።"

ቱቫ ስልኳን አቀበለቻት። ጉንቮር ትምህርት ቤት ብዙ አልዘለቀችም፤ ቀስ ብላ ነው የምታነበው። ከታች ቤት የምትኖረው ፖላንዳዊቷ ዳኑታ "ማሽኖቹ ከወጡ የት ነው የምናጥበው?" ብላ ጠይቃለች። ከሥሯ ቦርዬ "መጀመሪያ መመሪያውን አንብቢ፣ ከዚያ ትጠይቂያለሽ" ብሎ መልሷል። ከዚያ የሚስቁ ፊቶች ተደርድረዋል። ዳኑታ ከዚያ ወዲያ የለችም። ቦርዬ ግን ላይም ቦርዬ፣ ታችም ቦርዬ ነው።

"ይሄ ሰውዬ አይተኛም እንዴ?"

"ጡረተኛ ናቸው።"

"እኔም ጡረተኛ ነኝ። እኔ ግን እተኛለሁ።" ጉንቮር ግድግዳው ላይ ወደተሰቀለው የእጥበት ተራ መያዣ ሰሌዳ ዞረች። ሰሌዳው ላይ ለየሰዓቱ ቀዳዳ አለ፤ እያንዳንዱ ቤት ሊያጥብ በሚፈልገው ሰዓት ላይ የሚቆልፈው አንድ ትንሽ ጓጉንቸር አለው። "ለምን ይመስልሻል ለየቤቱ አንድ ብቻ የተሰጠው?"

"አንዱ ሳምንቱን ሙሉ እንዳይይዘው ነዋ። ተራውን ሳይጨርስ ሌላ ሰዓት ላይ መቆለፍ አይችልም።"

"ታዲያ ለካልሲ የሰጣችሁትን ፍትሕ ለሰው ቃል ነፈጋችሁት? ቦርዬ ሰዓቱን በሙሉ ቆልፎታል። የተማራችሁት ይሄንን ነው?"

ቱቫ ሜትሩን ጠቅልላ ኪሷ ከተተች።

ጉንቮር ይሄኔ ብትተወው ጥሩ ነበር፤ መተው ግን አታውቅበትም። "በሉ መድረካችሁን ዝጉት። እንደ ድሮው ግቢ ውስጥ ተሰብስበን በአፋችን እንነጋገር።"

"አንድ ነገር ብናገር አይቆጡኝም?"

"እቆጣለሁ። ተናገሪ።"

"በጸደዩ የግቢ ስብሰባ ስለ ቆሻሻ አጣጣሉ ከእርስዎ ሌላ ማን ተናገረ?"

"የሚናገር ጠፍቶ ነዋ!"

"ዳኑታ ሥራ ላይ ስለነበረች ሐሳቧን በእኔ ልካ ነበር። ላነብላት እጄን አውጥቼ ቆየሁ። እርስዎ ሲጨርሱ ሰዉ ተበትኗል።"

ጉንቮር አንሶላዋን አጠፈች፤ መልሳ ዘረጋችው። እሷና ቦርዬ አንድ ናቸው ማለት ነው? "እኔ የምናገረው እውነት ነው" አለች፣ ድምፅዋ እንደ ወትሮው ሳይጠነክር።

"እሳቸውም እንደዚያው ነው የሚሉት።"

ነገሩ ይበልጥ ተምታታባት። ፊት ለፊት ሲሆን እሷ ሰው ታፍናለች፤ በስልክ ሲሆን ቦርዬ ያፍናል። ጥፋቱ የስልኩ ነው እንዳትል ግቢው አለ፤ የግቢው ነው እንዳትል ስልኩ አለ። ተራ ያልተበጀለት ነገር የትም ይሁን የት ጉልበተኛ ይወስደዋል፤ ጉልበተኛው ደግሞ ጉልበተኛ መሆኑን መጨረሻ የሚያውቀው እሱ ራሱ ነው።

"እሺ፣ ምን ይሁን ነው የምትዪው?"

"ሌሎች ዕድል እስኪያገኙ ድረስ እያንዳንዱ ቤት አንዴ ብቻ ይጻፍ። ዝም ያለውም ከማንም ወገን አይቆጠር።"

"የሚሳደብስ?"

"ጽሑፉ ይነሳል፤ ለምን እንደተነሳም ይነገረዋል። የሕንፃው ኮሚቴ ወዳጅ ቢሆንም ያው ነው። ስልክ የማይጠቀም ደግሞ በወረቀት ጽፎ በቤቴ በር ሥር ይተውልኝ፣ በስሙ አወጣለታለሁ።"

ጉንቮር ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። "ፊደል ብሳሳትስ? ያ ሰውዬ ቢስቅብኝስ?"

"በፊደል መሳቅም ስድብ ነው፣ ይነሳል።"

"ይሄንን ቀድመሽ ብትነግሪኝ እኮ ይሄን ሁሉ አላወራም ነበር!"

ኮሚቴው ደንቡን ተቀበለ፤ ጉዳዩም እንደገና ተከፈተ። ጽፎ የማያውቅ ሁሉ ጻፈ። መንታ ልጆች የሚያሳድግ አንድ አባት ያለ ማሽኖቹ አንድ ቀን እንደማያድር ተናገረ፤ ዓይናቸው የደከመ አንድ ሽማግሌ በወረቀት ላኩ። ቦርዬም ተራውን መጠበቅ ግድ ሲሆንበት፣ ሐኪም ለጉልበቱ ስፖርት እንዳዘዘለት ለመጀመሪያ ጊዜ ገለጸ። ለካስ ሰውዬው ጉልበቱን አሞት ኖሯል። የግቢው ብስክሌት ማስቀመጫ መጋዘን ግማሹ ለስፖርት ተለቀቀ፤ ማሽኖቹም ከቦታቸው ሳይነቀሉ ቀሩ። ተራ ሲኖር ፈሪው ይናገራል፤ ተናጋሪው ደግሞ ሲሰማ ውሎ የጎረቤቱን ችግር ያውቃል፤ ዛሬ የተሸነፈውም ነገ ተራ እንዳለው ስለሚያውቅ አይቀየምም።

ከዚያ ዳኑታ ጻፈች። ቀን የሚሠሩ ሰዎች ማጠብ የሚችሉት ማታ ብቻ ስለሆነ፣ የማታው ሰዓት ለእነሱ እንዲሆን ጠየቀች። ጉንቮር ደግሞ የምትወደው የማታውን ሰዓት ነው። አነበበችው፤ ተናደደች፤ ደግማ አነበበችው። ዳኑታ እውነቷን ነው። ክፍሉን ያዳነው መድረክ የማታ ሰዓቷን ሊወስድባት ነው፤ አሸነፈች ወይስ ተሸነፈች? ሊገባት አልቻለም። ብዙ አስባ፣ በስልኳ ላይ በአንድ ጣቷ ፊደል እየፈለገች ጻፈች፦

"ዳኑታ ልክ ነሽ። የማታው ለናንተ ይሁን። ደስ ብሎኝ ግን አይደለም።"

ተራዋን ጨረሰች፤ ስልኩን ጠረጴዛው ላይ ደፍታ የሌላውን መልስ መጠበቅ ጀመረች።