ተቀምጦ የተባለ «ኖር»

በኛ ጊዜ፣ ልጆቼ፣ ወንድ ልጅ ሽንቴን ታመምኩ አይልም። ራሴን ይላል፣ ወገቤን ይላል፣ ሽንቴን የሚል አልነበረም። አባታችሁም እንደዚያው ነበሩ። እናንተ ያኔ ውትድርና ናችሁ፣ አታውቁትም። ደርግ ነው፣ ቆቦ ላይ ስብሰባ በስብሰባ ነን፤ ታዲያ አባታችሁ ስብሰባው ሳያልቅ ሦስቴ አራቴ ይወጣሉ፣ ሊቀመንበሩ ደግሞ ድምፁን ወፈር አድርጎ፣ «አያ በሪሁን፣ ስብሰባ ረግጠው ወዴት ነው?» ይላቸዋል። ምን ይበሉ? «በቅሎዬን ልይ ብዬ» ይላሉ። በቅሎ የላቸውም እኮ።

ስብሰባስ ይቅር፣ እኔን የጎዳኝ ከሽምግልና መቅረታቸው ነው። የተጣላ ሁሉ፣ ከጎብዬም ከዋጃም፣ «አያ በሪሁን ይምጡልን» ይል ነበር። አስታራቂ ደግሞ ነገር መሐል ላይ እየተነሳ አይወጣም፤ ታዲያ አፍረው ቀሩ። ቀሩና ቤት ዋሉ። ውሃም ተዉ። በዚያ በቆቦ ሐሩር ውሃ ሳይቀምሱ ይውላሉ፣ ከንፈራቸው ተሰነጣጠቀ። አንድ ቀን አለቀስኩ። «ለኔ ካልነገሩ ለማን ሊነግሩ ነው?» አልኳቸው። «ዘነብ፣ ቆሜ እጠብቃለሁ፣ አይመጣም፤ ገብቼ ስቀመጥ ይመጣል» አሉኝ።

ከጎጃም ተመድቦ ጤና ጣቢያችን የመጣ ድሬሰር ነበር፣ ለሱ ነገርኩትና ሐኪም ዘንድ ላካቸው። ሐኪሙ መርምሮ ሲያበቃ፣ «አባቴ፣ ይሄ ከእድሜ የሚመጣ ነው፣ ከፊኛው ስር ያለችው እጢ አድጋ መውጫውን አጥብባዋለች» አላቸውና ኪኒን ሰጣቸው። «የደም ግፊት ኪኒን ነው፣ ግን መውጫውንም ያላላል። ብቻ አደራ፣ ከተቀመጡበት ብድግ እንዳይሉ፣ ያዞራል፤ ቀስ ብለው ይነሱ» አላቸው።

ኪኒኑ ሠራ። በሳምንቱ ሰው መሰሉ። እና ምን ሆነ መሰላችሁ? እንግዳ መጣ። አባታችሁ ደግሞ ታውቋቸዋላችሁ፣ የገባው ልጅ እግርም ይሁን ደሃ፣ «ኖር» ብለው ሳይነሱ አይቀበሉም። ጎረቤታችን በበሩ ብቅ ሲል ብድግ አሉ፣ «ኖር» አሉ፣ እሱ «በግዜር» ሳይል መሬት ላይ ተዘረሩ። ግንባራቸው ተፈነከተ።

ሲነቁ ያሉትን ልንገራችሁ? «ኪኒኑን ጣይልኝ። ሰውን ተቀምጬ ከምቀበል ሽንቱ ይግደለኝ።» ብለምን፣ ብቆጣ፣ ወይ ፍንክች። ኪኒኑን ተዉ፣ ያ መከራ ተመለሰ፣ ጭራሽ ባሰ። ሊሞቱብኝ ነው ብዬ ፈራሁ።

ታዲያ አብረዋቸው የሚሸመግሉ ወዳጅ ነበሯቸው፣ አያ እንድሪስ። በእድሜ ከሁሉም ይበልጣሉ። ሄድኩና መሬት መሬት እያየሁ ሁሉንም ነገርኳቸው። አልሳቁም። «ሱብሐነላህ፣ እህቴ፣ ይህን ብቻሽን ተሸክመሽ ኖርሽ? በይ ነገ ለተጣሉት የሮቢት ወንድማማቾች ሽምግልና እንፈልጋቸዋለን፤ ይዘሻቸው ነይ» አሉኝ።

ግንባራቸው እንደታሰረ ይዣቸው ሄድኩ። ሽማግሎቹ ከዋርካው ስር ተቀምጠዋል፣ አያ እንድሪስ ብቻ አልመጡም። እና መጨረሻ ላይ በትራቸውን ይዘው መጡ፤ ለሳቸው የማይነሳ የለም፣ ታላቅ ናቸው። ያን ቀን አንድም ሰው አልተነሳም። ሁሉም እንደተቀመጡ፣ አንድ ላይ፣ «ኖር» አሉ። አያ እንድሪስም፣ «በአላህ፣ በአላህ» አሉ። አባታችሁ ግን እጃቸውን መሬት ላይ ተክለው ሊነሱ ሲሉ፣ አያ እንድሪስ ትከሻቸውን ያዙ። «ተቀመጥ በሪሁን። ከዛሬ ጀምሮ የተነሳልኝ ሰው እንደሰደበኝ ነው። ሁላችንም አርጅተናል፣ ለማን ነው የምንጀግነው?» አሉ። ሽማግሎቹም፣ «እውነት ነው፣ እውነት ነው» አሉ።

ስንመለስ መንገድ ላይ፣ «ለእንድሪስ ነገርሽው አይደል?» አሉኝ። «ነገርኩ» አልኳቸው። ይቆጣሉ ስል እጄን ያዙኝ፤ ያኔ ባል በአደባባይ የሚስቱን እጅ አይዝም። «ኪኒኑን ጣልሽው?» አሉ። መች ጥዬው፣ ነጠላዬ ጫፍ ላይ ቋጥሬው ነበር።

ከዚያ በኋላ ስንቱን አስታረቁ። ሰው አፍሮ ዝም ሲል ነው የሚሞተው፣ እኔ ይህን አይቻለሁ። እንዳልክ ልጄ፣ አንተን ምን ያስቅሃል? ያንተም ፀጉር ሸብቷል። የመጣብህ ቀን ለሚስትህ ንገር፣ እሺ?

«ነግሬያታለሁ፣ እማዬ። ሰኞ ሐኪም ጋ ቀጠሮ አለኝ፣ እሷም አብራኝ ትሄዳለች።»