ሰፍቶ የሚተረትረው ልጅ

ያን ቀን ከሰዓት በኋላ ዝናቡ ድንገት ባይወርድ ኖሮ ነርሷ ከልብስ ሰፊዋ በረንዳ ሥር ባልተጠለለች፣ ይህም ክርክር ባልተነሣ ነበር።

«ግቢ እንጂ፣ እንደ እንግዳ ምን በር ላይ ያቆምሻል?» አለቻት ልብስ ሰፊዋ፣ የስፌት መኪናዋን አቁማ።

ነርሷ እዚያው ሰፈር ያደገች ናት፤ አሁን በጤና ጣቢያው የአእምሮ ሕመም ክፍል ትሠራለች። ሴትዮዋ የተማሪ ቤት ልብሷን ሳይቀር የሰፋችላት ስለሆነች፣ ነርስ ሆነችም አልሆነች እንደ ልጇ ትቆጣታለች።

ጥግ ላይ የሴትዮዋ ልጅ ኮት ጭኑ ላይ ዘርግቶ የእጅጌውን ስፌት ይተረትራል። ደንበኞች «ጥንቁቁ» ይሉታል።

«ኮቱ ምን ሆነ?» አለች ነርሷ።

«ምን ይሆናል? ጠዋት ጨርሶት ነበር፤ አላረካውምና ተረተረው። እንደገና ሰፋው፣ እንደገና ተረተረው። የኔ ልጅ እንዲህ ነው። እንደ ሌላው ሰፊ ጥድፊያ አያውቅም። ለተለማማጅ ሁሉ እሱን እዩ ነው የምለው» አለች እናት ደረቷን ነፍታ።

ነርሷ ልጁን አየችው። የጣቶቹ ጫፍ ቆስሏል። ምሳው እንደተከደነ አጠገቡ ቀዝቅዟል።

«ከጀመረው ቆየ፣ እትዬ?»

«ካለፈው ክረምት ወዲህ ነው የባሰበት።» ቃሉ ካመለጣት በኋላ አረመችው፤ «ጉብዝናው ማለቴ ነው።»

«አይቆጡኝና፣ ሐኪም ቢያየው ደስ ይለኛል።»

«ትኩሳት የለው፣ ሳል የለው፣ የምን ሐኪም?»

«እኔ ያለሁበት ክፍል ያለው ሐኪም።»

ሴትዮዋ መቀሷን ጠረጴዛው ላይ አኖረች። «ልጄን እብድ ነው ልትይኝ ነው? እቤቴ ተጠልለሽ?»

«እናቴ ትሙት፣ እንደዚያ አላልኩም። የአእምሮ ሕመም ሲባል ለሰው የሚታየው ልብሱን ጥሎ በመንገድ የሚሮጠው ብቻ ነው። ሕመሙ ግን ብዙ ዓይነት ነው። አንዱን ያለ ምክንያት ፍርሃት ይይዘዋል፣ አንዱ ከአልጋ መነሣት ያቅተዋል፣ አንዱ ሌላው የማይሰማውን ድምፅ ይሰማል። ሐሳብ እየተመላለሰ አንድ ነገር የሚያስደጋግመውም አለ። ብዙዎቹ ሥራ ውለው ልጅ የሚያሳድጉ ሰዎች ናቸው።»

«እንግዲያው እኔንም አስገቢኝ። በሬን ቆልፌ ሳበቃ ደግሜ ሳልነካው አልሄድም። ሟቹ ባሌም ጫማውን ሳይወለውል እግሩ ከደጅ አይወጣም ነበር። ሁላችንም በሽተኞች ነና።»

«አይደላችሁም። ሰው ከሌላው ስለተለየ ብቻ ታመመ አይባልም፤ ጠባይ ነው። እኛ የምንጠይቀው ሌላ ነው። ነገሩ ሰውየውን ያሠቃየዋል ወይ? ከምግቡ፣ ከእንቅልፉ፣ ከሥራው ይከለክለዋል ወይ? ቆይቷል ወይ? ተው ሲሉት መተው ይችላል ወይ? እርስዎ በሩን ነክተው ይሄዳሉ፣ ነገሩም እዚያው ይቀራል።»

«የኔም ልጅ ወዶ ነው የሚሠራው።»

«ጠይቀውት ያውቃሉ?»

ይህች ሴት ክርክር ሲያጥራት ድምፅዋ ይጨምራል እንጂ አይቀንስም። «አንተ፣ እስቲ ንገራት፤ ወደህ አይደለም የምትተረትረው?» ብላ ወደ ጥጉ ጮኸች።

ልጁ ቀና አላለም። «እማዬ፣ ስፌቱ ደህና እንደሆነ አውቃለሁ። መጀመሪያውኑም ደህና ነበር።»

«ታዲያ?»

«ካልተረተርኩት የሚለብሰው ሰው ክፉ ነገር ያገኘዋል የሚል ሐሳብ ይመጣብኛል። ውሸት እንደሆነ አውቀዋለሁ፤ ግን አይለቀኝም። ስተረትረው ትንሽ ይተወኛል፣ መልሶ ይመጣል። አንቺ ደግሞ ሰው ፊት በዚሁ ስታሞግሺኝ፣ ተቸገርኩ ብዬ በምን አፌ ልንገርሽ?»

ዝናቡ ቆርቆሮውን ይደበድባል። ሌላ እናት ብትሆን ይሄኔ ታለቅስ ነበር፤ እሷ ግን ተቆጣች። በማን እንደተቆጣች ለራሷም አልገባትም።

«እኔ ነኝ ያሳመምኩት?»

«አይደሉም እትዬ። አንድ ሰው ያመጣው ነገር አይደለም። ከዘር የሚወረስ ይኖርበታል፣ የአእምሮ አሠራር ይኖርበታል፣ ጭንቀት የበዛበት ጊዜም ይኖርበታል፤ ተደራርቦ ነው። እርግማን አይደለም፣ ስንፍናም አይደለም። ስሙን ሐኪሙ አይቶ ይሰጠዋል እንጂ እኔ አልሰጠውም። ግን የሚታከም ነው፤ በምክክር፣ ካስፈለገም በመድኃኒት።»

«ሰውስ ምን ይላል?»

«ሰው እስከ ዛሬ ምን አለ?»

«ጥንቁቅ አለ።»

«እንግዲህ ሰው አላወቀም ማለት ነው።»

ሴትዮዋ ዝናቡ ካባራ በኋላም ነርሷን አስቀምጣ የጤና ጣቢያውን የሥራ ሰዓት ጠየቀቻት።

በማግስቱ ጠዋት ሁለቱ ሲወጡ ዳቦ ሻጩ ጎረቤታቸው፣ «ወዴት ነው በማለዳ?» አለ።

«ልጄን የአእምሮ ሐኪም ላሳየው ነው። ጥርሱን ቢያመው ኖሮ እንዲህ አፍህን አትከፍትም ነበር» አለችው። እስከዚያ አቀርቅሮ የነበረው ልጅ ሳቅ አመለጠው።

ሕክምናው ቀላል አልነበረም። የልጁ ሥራ ሐሳቡ እየመጣበትም ሳይተረትር መቆየት ሆነ፤ ላብ በላብ ያደርገው ነበር። እናትም የራሷ ሥራ ተሰጣት። «ደህና ነው?» ብሎ ሲጠይቃት «ደህና ነው» እያለች ማጽናናቷን እንድታቆም ሐኪሙ ነገራት፤ ያ ማጽናናት ሐሳቡን ይመግበዋልና። ያለ አስተያየት መኖር ለዚያች ሴት ምን ያህል እንደከበዳት የሚያውቋት ያውቃሉ።

ከወራት በኋላ አንድ ቀን፣ ልጁ አንዴ ብቻ የሰፋውን ካፖርት ባለቤቱ ሊወስድ መጣ።

«እማዬ፣ ደህና ነው?»

«አላውቅም» አለች። «ስጣቸው።»

ልጁ ካፖርቱን አንዴ ወደ ራሱ ሳብ አደረገው፤ ከዚያ ሰጠ።

«ምነው፣ እናትየው አላውቅም ካለች እኔ በምን አምኜ ልልበሰው?» ብሎ ቀለደ ደንበኛው።

ሴትዮዋ ከስፌት መኪናዋ ተነሣች። «ልጄ ታሞ ነበር፣ እየታከመ ነው» አለች፣ «ልጄ ተመረቀ» በሚባልበት ድምፅ። «ዛሬ ምሳውን ይበላል፣ ሌሊቱን ይተኛል፣ ከጓደኞቹ ጋር ይጫወታል። ልብስዎም በቀጠሮው ደረሰ። እኔ ጉብዝና መስሎኝ ሕመሙን ሳሞግስ ኖሬያለሁ፤ አሁን የማሞግሰው መታከሙን ነው። ይሄ ይበልጣል። እርስዎም ቤት የተቸገረ ሰው ካለ አይደብቁት፣ አይሳቁበት፣ ቁጭ ብለው ይጠይቁት።»

ደንበኛው ሊስቅ ጀምሮ ተወው። ካፖርቱን አጥፎ ክንዱ ላይ አደረገና ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «እንዴት ተብሎ ነው የሚጠየቀው?» አላት።

ሴትዮዋ ወንበር ሳበችለት።