ዳይሬክተሩ የተሻገሩት ምንጣፍ

ዳይሬክተራችን ሚስተር ሃርግሪቭ፣ ባልደረቦቼ፣ እንዲሁም የዛሬዋ ተሰናባች፣ ጥጉ ላይ ተቀምጠው «ይሄ ሰውዬ ዛሬ ምን ሊያወራብኝ ነው?» እያሉ ያሉት እትዬ ፉአቲኖ፤ እንደምን አመሻችሁ።

እትዬ ፉአቲኖ የሳሞአ ቋንቋና ባህል ሊያስተምሩ እዚህ ኦክላንድ የመጡ ቀን ክፍላቸውን ያሳየኋቸው እኔ ነኝ። ትምህርት ቤታችን ለእኛ ለሳሞአውያን ባህል ያለውን ፍቅር መቼም ታውቃላችሁ፤ የመወልወያ ማስቀመጫውን ሰጣቸው። ባልዲዎቹን ቃኘት አደረጉና «ጥሩ ነው፤ ይሄን ማንም አይቀማኝም» አሉ። ሳምንት ሳይሞላ ጽዳቶቹ መወልወያ ሊወስዱ ሲመጡ ጫማ እያወለቁ ይገቡ ጀመር።

እሳቸው ክፍል የተቀመጠ ሰው ፊት ቀጥ ብሎ ማለፍማ የለም! ጎንበስ፣ «ቱሎው» ብሎ ይቅርታ፣ ከዚያ ማለፍ። ከትምህርት ሚኒስቴር የመጣው ተቆጣጣሪ እንኳ ወገቡን ይዞ ነው የተመለሰው። እኔ ምስኪኑ የሒሳብ መምህር በየዓመቱ በምናከብረው የሳሞአ ቀን ስጨፍር «ፔሳሚኖ፣ ስትወለድ ነው እንዲህ የደረቅከው ወይስ በኋላ?» ብለውኛል። በድምፅ ማጉያ፣ ወላጅ ሁሉ እየሰማ።

ሚስተር ሃርግሪቭ፣ ዛሬ አልምርዎትም። አዲስ የመጡ ጊዜ በጭፈራ ልምምድ ላይ ሁለት ጎረምሶች ተጣሉ። ሊገላግሉ ገቡ፤ የከበሮው ዱላ ግንባርዎ ላይ አረፈ። በታላቅ ትዕግሥት አንድ ትንፋሽ ያህል አሰቡበትና የሳሞአ ቀንን ለዘለዓለም ሰረዙ።

በማግስቱ ቢሮዎ በር ላይ የተከመረ ምንጣፍ አገኙ። ተሻገሩት! ከዚያ «ማነው ምንጣፍ ያዘዘው? ይነሣልኝ!» አሉ።

ምንጣፉ «አልነሣም» አለ።

እየሮጥኩ መጣሁ። «ጌታዬ፣ ከሥሩ እትዬ ፉአቲኖ አሉ። ይቅርታ እየጠየቁ ነው።»

«እሳቸው መቼ መቱኝ?»

«ልጆቹ የእሳቸው ናቸው። እኛ ዘንድ ልጅ ሲያጠፋ ትልቅ ሰው ምንጣፍ ተከናንቦ የተበዳይ ደጅ ይቀመጣል። ይቅር ካሉ ምንጣፉን ያነሡላቸዋል።»

«ካላልኩስ?»

«ተቀምጠው ይውላሉ፤ እርስዎም ሲሻገሩ ይውላሉ።»

ዱላውን የሰነዘረው ያ ግንድ የሚያህል የራግቢ ተጫዋች ይህን አየና መጥቶ ከኋላቸው ተንበረከከ። ሌላው ተከተለው። ኮሪደሩ ሞላ። እርስዎ ጎንበስ ብለው ምንጣፉን ገለጡት። የእትዬ ፊት በላብ ርሷል።

«የሳሞአ ቀን ይመለሳል?» አሉዎት።

«ይመለሳል።»

«እንግዲያው እጅዎን ይስጡኝ፤ እግሬ ደንዝዟል።»

እትዬ ፉአቲኖ፣ ቀልዱን እዚህ ላይ ልተወው። እኔ በልጅነቴ እዚህ አገር «ፒት» በሉኝ እል ነበር፤ በስሜ አፍር ነበር። ልጄ ግን የእርስዎ ተማሪ ናት። ዛሬ ከአያቷ ጋር በሳሞአኛ ትጨቃጨቃለች፤ አያቷም እየተሸነፈች በደስታ ታለቅሳለች። ይህን ለቤቴ የሰጡኝ እርስዎ ነዎት። እግዜር ይስጥልኝ።

አሁን ደግሞ አንድ ወሬ ሰምቻለሁ። እትዬ ሲወጡ ምትክ አይቀጠርም፣ ክፍሉም ለመወልወያዎቹ ይመለሳል ይባላል። ወሬ ነው መቼም! ትምህርት ቤታችን እንዲህ አያደርግም። ብቻ እንዲያው ለማንኛውም፣ የዚህ አዳራሽ ግማሹ መኪናው ውስጥ ምንጣፍ ጭኖ መጥቷል።

በሉ ብርጭቆ እናንሣ። እትዬ ፉአቲኖ፣ ዕድሜና ጤና፣ የባሕር ነፋስ፣ ጎንበስ ብሎ የሚያልፍ ጎረቤት ይስጥዎት። ማኑያ!

ሚስተር ሃርግሪቭ፣ እርስዎም ያንሡ እንጂ። ዛሬ ብርጭቆውን፣ ካልሆነም ነገ ጠዋት ምንጣፎቹን።